አዲስ ኮመን ኮርስ ለማጸደቅ ከዲፓርትመንት እስከ ሴኔት ምን ይጠየቃል?

ስታት_ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍላችን ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በሙሉ የሚሰጥ አንድ የጋራ ኮርስ ሊያቀርብ አስቧል። ዓላማው ስታቲስቲክስን በሙያ ደረጃ ማስተማር አይደለም። ሕግም ያጥና እርሻ፣ ማንኛውም ተማሪ በዜና የሚሰማውን መቶኛ፣ በሪፖርት የሚያየውን ግራፍና በጥናት የሚያነበውን አማካይ ዝም ብሎ እንዳይቀበል ነው። ርዕሱን ለጊዜው «መረጃን ማንበብና መመርመር» ብለነዋል። 3 ክሬዲት አወር (5 ኢሲቲኤስ፣ ማለትም የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት በሚለካው የክሬዲት መለኪያ)፣ ስምንት ምዕራፍ፣ የኮምፒውተር ላብ ያለበት።

ያልጠሩልን ነገሮች አሉ። የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ኮርሶች በአገር ደረጃ የተወሰኑ ሆነው ሳለ ዩኒቨርሲቲው የራሱን መጨመር ይችላል ወይ? የማጽደቁ ቅደም ተከተልስ ምንድን ነው፣ በየደረጃው ምን ሰነድ ይጠየቃል? ከወዲሁ ደግሞ «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ውስጥ ዳታ ሳይንስ አለ፤ ይሄ ድግግሞሽ ነው» የሚል ተቃውሞ እየመጣ ነው። በዓመት የምንቀበለው ተማሪ ወደ 3,000 ይጠጋል። የምታውቁ ብታግዙን።

ካሪኩለም_ዴስክ

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፣ የቀረው ሁሉ በሱ ላይ ስለሚወሰን።

የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ኮርሶቹም፣ ሞጁሎቹም፣ ክሬዲታቸውም አንድ ላይ ተጠቅልለው ነው የመጡት። ያኔ ጉዳዩን የያዘው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነበር፤ አሁን ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል። ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ እያለ የሚሄደው ዝርዝር በየዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት በመሆኑ ነው ተማሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ክሬዲቱ የሚያዝለት። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው አንዱን አውጥቶ ሌላ ቢያስገባ ተዛዋሪው ጎደሎ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መተካት በእናንተ ሴኔት ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

መጨመሩን ደግሞ ሒሳቡ አይፈቅድም። አንድ ኢሲቲኤስ በ27 ሰዓት የተማሪ ሥራ ሲሰላ፣ 30 ኢሲቲኤስ የያዘ ሴሚስተር 810 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። እናንተ 5 ስትጨምሩበት 945 ሰዓት፣ በሳምንት 59 ሰዓት ይሆናል። ከሴኔት አባላት አንዱ ካልኩሌተር ካወጣ አጀንዳው እዚያው ወደቀ።

የሚያዋጣው ሁለተኛ ዓመት ነው፤ እዚያም ቢሆን «ለሁሉም ተማሪ» ብላችሁ አትግቡ። ኢኮኖሚክስ የራሱ ስታቲስቲክስ አለው፣ ጤና ባዮስታቲስቲክስ አለው፣ እርሻና ሳይኮሎጂም እንደዚሁ። «ለሁሉም» ስትሉ እነዚህ ኮሌጆች በሙሉ ተቃዋሚ ሆነው ይሰለፋሉ፤ አይፈረድባቸውም። በፕሮግራማቸው ውስጥ ምንም የስታቲስቲክስ ኮርስ የሌላቸውን ብቻ ለዩ፦ ሕግ፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ጋዜጠኝነት፣ ሥነ ጥበብ፣ ስፖርት ሳይንስ የመሳሰሉትን። ግን በግምት አይደለም። የእያንዳንዱን ፕሮግራም የኮርስ ዝርዝር አውጥታችሁ እዩ፤ ኮርሱ «ሪሰርች ሜተድስ» በሚል ስም ውስጥ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል።

ሃርሞናይዝድ (በአገር ደረጃ አንድ ዓይነት የተደረገ) ካሪኩለም ያለው ፕሮግራም ላይ ኮር ኮርስ ለማስነሣት አትድከሙ። የምርጫ ኮርስ ወይም የሰፖርቲቭ (ደጋፊ) ኮርስ ቦታ ካለ እዚያ ግቡ።

ቅደም ተከተሉን በሚመለከት፣ ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል እንጂ መንገዱ ተመሳሳይ ነው። የትምህርት ክፍሉ ካሪኩለም ኮሚቴ ያረቅቃል፤ ዲፓርትመንት ካውንስል ተወያይቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ የኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ያየዋል፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው የካሪኩለምና የጥራት ክፍል ያጣራል፤ የሴኔቱ ቋሚ ኮሚቴ የውሳኔ ሐሳብ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻ ሴኔት ያጸድቃል። የጋራ ኮርስ ከተራ ኮርስ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ኮርሱን የሚቀበሉት ትምህርት ክፍሎችም በየካውንስላቸው ተወያይተው «ተቀብለናል፣ በዚህ ሴሚስተር፣ በዚህ ኮርስ ቦታ» የሚል ቃለ ጉባኤ መስጠት አለባቸው። ብዙ ፋይል የሚመለሰው በዚህ ነው፤ የአቅራቢው ቃለ ጉባኤ አለ፣ የተቀባዮቹ የለም። ከቃለ ጉባኤ ይልቅ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣም አለ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የፈረመው ደብዳቤ የካውንስል ውሳኔ አይደለም፤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሰነዱ ላይ ኮሚቴዎች መጀመሪያ የሚገልጡት የሰዓት ክፍፍሉን ነው። 5 ኢሲቲኤስ 135 ሰዓት ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ሌክቸር ለ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይወስዳል። የቀረው 87 ሰዓት የት ሄደ? ቱቶሪያል 16፣ ንባብ 35፣ አሳይመንትና ፕሮጀክት 24፣ ለፈተና ዝግጅት 12 ብላችሁ አስቀምጡት፤ ድምሩ 87 መምጣቱን አረጋግጡ። ድምሩ የማይገጥም ሰነድ ይዘቱ ሳይነበብ ይመለሳል።

የመማር ውጤቶቹን ከአምስት እስከ ሰባት አድርጉ። «ተማሪው የመረጃን ጥቅም ይገነዘባል» የሚለው አይለካም። «ተማሪው ከተሰጠው ሠንጠረዥ መቶኛና የመቶኛ ነጥብ ልዩነትን ለይቶ ያሰላል» ስትሉ ግን ፈተናው ራሱ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል።

ሎጂክ_1011

ስለ ድግግሞሹ ልጨምር። ተቃዋሚዎቹ በተሳሳተ በር ነው የገቡት። የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ሞጁል ሁለተኛው ምዕራፍ ዳታ ሳይንስ ይላል፤ ገልጣችሁ ካያችሁት ግን የሚያወራው ስለ ዳታ ዓይነቶች፣ ስለ ቫልዩ ቼይን፣ ስለ ቢግ ዳታና ሃዱፕ ነው። አንድን መቶኛ እንዴት እንደሚመረምሩ አንድም ቦታ አያስተምርም። ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠው ሒሳብም ሎጂክና ስብስብ፣ ፈንክሽን፣ ማትሪክስ፣ ካልኩለስ ነው።

እውነተኛው መደራረብ ከክሪቲካል ቲንኪንግ ጋር ነው። እዚያ ፋላሲዎች (የተሳሳቱ አመክንዮዎች) ሲሰጡ ከትንሽ ናሙና ተነስቶ ሁሉን መደምደም፣ ከቅደም ተከተል ተነስቶ ምክንያት ነው ማለት፣ አግባብ የሌለው ባለሥልጣን መጥቀስ ሁሉ አሉ። ረቂቃችሁ ውስጥ «የተሳሳቱ ድምዳሜዎች» የሚል ምዕራፍ ካለ፣ እውነትም ድግግሞሽ ነው። ምዕራፉን አትሰርዙት፤ ክሪቲካል ቲንኪንግን ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) አድርጋችሁ «ተማሪው ፋላሲውን በስም ያውቀዋል፣ እዚህ በቁጥር ይፈትሸዋል» በሉ። ፕሪሪኩዚት ማድረጉ ማንንም አይጎዳም፤ ፍሬሽማን ላይ ሁሉም ይወስደዋልና።

የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል የእናንተ ስምንት ምዕራፎች፣ በሌላው የአራት ኮርሶች ርዕስ፦ ኢመርጂንግ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሒሳብ፣ ሪሰርች ሜተድስ። በየመጋጠሚያው «የለም»፣ «ይጠቀሳል»፣ «ይሸፈናል» ብላችሁ ሙሉ። ግማሽ ገጽ ነው፤ የአንድ ሰዓት ክርክር ይዘጋል። አንዳንዱ ቦታ ላይ «ይሸፈናል» ብላችሁ ሐቁን ጻፉ። ሁሉም ቦታ «የለም» ያለ ሠንጠረዥ አያሳምንም።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ፦ ማን ያስተምረዋል? 3,000 ተማሪ በ50 ሲከፈል 60 ሴክሽን (የክፍል ምድብ) ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ሲባዛ 180 ሰዓት። የአንድ መምህር መደበኛ ጫና 12 ሰዓት ከተያዘ 15 መምህር ያስፈልጋል፤ ያውም ሌላ ምንም ሳያስተምሩ። የትኛው የስታቲስቲክስ ክፍል ነው 15 መምህር በትርፍ የያዘው? ካሪኩለም_ዴስክ እንዳሉት የሚመለከታቸውን ብቻ ለይታችሁ 1,200 ቢሆኑ 24 ሴክሽን፣ 72 ሰዓት፣ 6 መምህር ይሆናል። ግማሹን በመጀመሪያው፣ ግማሹን በሁለተኛው ሴሚስተር ብታደርጉ በአንድ ጊዜ 3 መምህር ይበቃል። ሴኔት ላይ ስትቀርቡ ይህንን ቁጥር ራሳችሁ ቀድማችሁ አውጡት። ፕሬዚዳንቱ ሲጠይቁ «በኦቨርሎድ (ከመደበኛ ጫና በላይ በማስተማር) እንሸፍነዋለን» የሚል መልስ የበጀት ጥያቄ ይወልዳል፤ ያ ደግሞ ኮርሱን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፈዋል።

ምዘናውም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። አራት ሴክሽን የያዘ መምህር 200 ተማሪ አለው። ባለ ሦስት ገጽ አሳይመንት ሲሰጥ 600 ገጽ፤ ለአንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ ቢወስድ 33 ሰዓት ማረም ነው። ሰነዱ ላይ ሦስት የግል አሳይመንት ከጻፋችሁ ሁለተኛው ሳይታረም ሴሚስተሩ ያልቃል፤ ወይም ሁሉም ተማሪ 10/10 ያገኛል። አንድ የግል፣ አንድ የአምስት ሰው ፕሮጀክት ይበቃል። ተከታታይ ምዘና 50 ከሆነ ኩዊዝ 10፣ ቴስት 15፣ አሳይመንት 10፣ ፕሮጀክት 15 አድርጉት፤ ፋይናሉ 50።

ፋይናሉ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ይሁን። የጋራ ኮርስ ላይ ሦስት መምህር ሦስት ፈተና ካወጣ፣ የአንዱ ሴክሽን ተማሪ ቢ ያገኘበትን የሌላው በኤ ይወጣበታል። ፍሬሽማን ላይ ቢሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የዲፓርትመንት ምደባው በውጤት ነውና በመምህር ዕድል ትምህርት ክፍል ይወሰናል ማለት ነው። ጥያቄዎቹን በሰዓት ድርሻ አከፋፍሉ፤ ከ48 ሰዓት 6 ሰዓት የወሰደ ምዕራፍ ከ50 ነጥብ 6 ያህል ይይዛል። ይህን ሠንጠረዥ ከሰነዱ ጋር አያይዙት፤ የጥራት ክፍሉ ይወደዋል።

ነባር_መምህር

ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኔ ግን ኮርስ ባይሆን እላለሁ። ተማሪው ላይ አሁን የተጫነው ይበቃል። ሁለተኛ ዓመት ሲገባ የሙያ ኮርሶቹን ገና መጀመሩ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ትምህርት ክፍሎች በሙያ ኮርሶቻቸው ላይ አንድ ሰዓት እንኳ መልቀቅ አይፈልጉም። የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ይዛችሁ ስትሄዱ «ከኮርሶቻችን የቱን እናውጣ?» ነው የሚሏችሁ፤ መልስ የላችሁም።

ከዚህ ይልቅ የሪሰርች ሜተድስ ኮርስ ያላቸው ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የሦስት ሳምንት ይዘት አድርጋችሁ ብትሰጡት ሴኔት መሄድ እንኳ አያስፈልግም። የኮርስ ርዕስና ክሬዲት ካልተቀየረ የሳምንት ዕቅድ ማሻሻል በትምህርት ክፍል ደረጃ የሚያልቅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለዋናው ነገር ይበቃል።

ካሪኩለም_ዴስክ

ነባር_መምህር ያነሡት «የቱን እናውጣ» የሚለው ጥያቄ እውነት ነው፣ በየካውንስሉ ይመጣል። በሦስት ሳምንቱ ላይ ግን አልስማማም። ሪሰርች ሜተድስ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው የሚሰጠው፤ ተማሪው መረጃ ማንበብ የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ነው። ሌላው፣ ሦስት ሳምንቱን የሚያስተምረው ማን ነው? የሌላ ክፍል መምህር ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲያስተምር ጫናው አይመዘገብለትም፤ አንድ ሴሚስተር በጎ ፈቃድ ይሆናል፣ በሁለተኛው ይቀራል።

መካከለኛ መንገድ አለ። 3 ክሬዲቱን ወደ 2 ክሬዲት፣ 3 ኢሲቲኤስ አውርዱት። 81 ሰዓት ነው፤ 32ቱ ሌክቸር፣ 49ኙ የተማሪው። ስምንቱ ምዕራፍ አምስት ይሆናል። ሕግና ቋንቋ ላይ የ3 ኢሲቲኤስ ቦታ መለመን የ5ቱን ያህል አይከብድም። የሰው ኃይሉም በሎጂክ_1011 ስሌት በሴሚስተር 12 ሴክሽን ሲባዛ በ2፣ 24 ሰዓት፣ 2 መምህር ይሆናል።

የሬጅስትራር_ሰው

ከኛ በኩል የሚጠየቀውን በአጭሩ።

ኮድ የሚሰጠው ከሴኔት በኋላ ነው። ረቂቅ ላይ ኮድ ለጥፋችሁ ተማሪ እንዳትመዘግቡ። የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ቁጥርና ቀን፣ የጸደቀው ሰነድና ሸኚ ደብዳቤው ሲደርስ ነው ሲስተም ላይ የሚገባው። ይህ ከምዝገባው ቢያንስ አንድ ወር መቅደም አለበት፤ በምዝገባ ሳምንት የመጣ ኮርስ በአድ/ድሮፕ (ኮርስ በመጨመሪያና በመቀነሻ ጊዜ) ነው የሚሰጠው፣ ያኔ ግማሹ ባች ሳይዘው ይቀራል።

ከየትኛው ባች እንደሚጀምር በውሳኔው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ» አይበቃም። «በዚህ ዓመተ ምሕረት ከገቡ ተማሪዎች ጀምሮ» ይባል። ልዩነቱ የሚታየው አቋርጠው በሚመለሱት ላይ ነው። በአሮጌው ካሪኩለም ጀምሮ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ የሄደ ተማሪ ከአዲሱ ባች ጋር ሲቀላቀል ይህን ኮርስ ይውሰድ ወይስ አይውሰድ? መልሱ ሰነዱ ውስጥ ከሌለ ተማሪው በምረቃ ዋዜማ ክሬዲት ጎደለህ ይባላል። የአቻ ኮርስ ሠንጠረዥ አያይዙ፦ አሮጌው ኮርስ፣ አዲሱ፣ ማን ምን ይወስዳል። በአንዱ ምትክ ነው የገባችሁት ከሆነ ደግሞ በተነሣው ኮርስ ኤፍ ያለበት ተማሪ ምን ይደግማል? ወይ አሮጌው ለአንድ ዓመት ይከፈታል፣ ወይ አዲሱ በምትክነት ይያዝለታል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን አንዱ ይወሰን።

የተቀባዩ ፕሮግራም ጠቅላላ ክሬዲት ሰነዱ ላይ ብዙ ቦታ ይጻፋል፦ የመመረቂያ መስፈርቱ ላይ፣ የየሴሚስተሩ ክፍፍል ላይ፣ የማጠቃለያ ሠንጠረዡ ላይ። አንዱን አስተካክሎ ሌሎቹን መርሳት የተለመደ ነው። የተመራቂ ዝርዝር ሲጣራ መስፈርቱ አንድ ቁጥር፣ የኮርሶቹ ድምር ሌላ ቁጥር ከሆነ ፋይሉ ወደ ኮሌጁ ይመለሳል። የኤክስቴንሽንና የሳምንት መጨረሻ ተማሪዎችንም አስቡ። ለእነሱ የሴሚስተሩ ጭነት ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮርሱ በመደበኛው ሁለተኛ ዓመት ላይ ቢሆንም እነሱ ዘንድ ሌላ ቦታ ይገባል፤ የነሱ የኮርስ ክፍፍል አብሮ ይምጣ።

ርዕሱም ይጠር። ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ረጅም ርዕስ ይቆረጣል።

ስታት_ቤት (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራ። ወደ 2 ክሬዲት ማውረዱን ለኮሚቴው አቀርባለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ላቡ። ኮሚቴው «ያለ ኮምፒውተር መረጃ አይማርም» ብሎ ላቡን አጥብቆ ይዟል። ተማሪው ቢያንስ ኤክሴል መንካት የለበትም ወይ? ይዘቱስ ያለ ላብ ምን ይመስላል?

ሎጂክ_1011

ላቡን ካስገባችሁ በኋላ ቁጥሩ እንዴት እንደሚያብጥ እዩ። ባለ 3 ክሬዲቱን በ2 ሰዓት ሌክቸርና በ3 ሰዓት ላብ ብትሰጡት፣ ለ12 ሴክሽን ሌክቸሩ 24 ሰዓት፣ ላቡ 36 ሰዓት። የላብ ሰዓት በሁለት ሦስተኛ ሲሰላ 24፤ ድምሩ 48፣ ማለትም ከ3 መምህር ወደ 4። ይህ 50 ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ላብ ካላችሁ ነው። 25 ከሆነ የሚሠራው ኮምፒውተር፣ እያንዳንዱ ሴክሽን ለሁለት ይከፈላል፤ የላቡ 72 ሰዓት ይሆናል፤ በሳምንት 40 ሰዓት የሚከፈት ላብ ሁለት ያስፈልጋል፤ መምህሩም 6 ደረሰ። ንብረት ክፍል 50 ብሎ የመዘገበው ላብ 50 የሚሠራ ኮምፒውተር አለው ማለት አይደለም፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ የሚካካስ ክፍለ ጊዜ መፈለግ አለ።

ከዚህ በላይ ግን፣ ኤክሴል የኮርሱን ዓላማ ይበላዋል። ተማሪው አማካይ የሚያወጣበትን ፎርሙላ ሲለማመድ ሴሚስተሩ ያልፋል፤ አማካዩ መቼ እንደሚያታልል ሳይጠይቅ።

ካሪኩለም_ዴስክ

በላቡ ጉዳይ እስማማለሁ። በወረቀትና በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ኮርስ አድርጉት፤ ለፕሮጀክቱ ኮምፒውተር ያለው በኮምፒውተር ይሥራ። ኮሚቴውን የሚያሳምነው የላብ ሰዓት ሳይሆን የፈተና ጥያቄ ናሙና ነው። ሁለት ሦስት አያይዙ። ለምሳሌ፦

«አንድ ድርጅት 9 ሠራተኞች አሉት። ስምንቱ እያንዳንዳቸው 6,000 ብር፣ ሥራ አስኪያጁ 96,000 ብር ይከፈላቸዋል። ድርጅቱ ‹የሠራተኞቻችን አማካይ ደመወዝ 16,000 ብር ነው› ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ስሌቱ ትክክል ነው? ለሥራ ፈላጊ የሚጠቅመው የትኛው ቁጥር ነው? ለምን?» ስሌቱ ልክ ነው፤ 144,000 ለ9። መካከለኛው ቁጥር (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) ግን 6,000 ነው። ተማሪው ሁለቱንም ማውጣት ብቻ ሳይሆን የትኛው መቼ እንደሚነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ማብራራት አለበት፤ ነጥቡ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ለኩረጃም አይመችም፤ ቁጥሩን በየፈተና ኮዱ መቀያየር ይቻላል።

መረጃውን ከአገር ውስጥ ውሰዱ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2016 38 በመቶ ነበሩ። ቅነሳው 20 የመቶኛ ነጥብ ነው ወይስ 34 በመቶ? ሁለቱም ልክ ነው፤ የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት፤ ሪፖርት ጸሐፊዎች እንደሚመቻቸው ይቀያይሯቸዋል። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 37 በመቶ ሆነ። ከ38 ወደ 37 «ቀነሰ» ይባላል? የናሙና ስሕተትን (ከናሙና የተገኘ ቁጥር ከእውነተኛው በመጠኑ መለየቱን) ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኙም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተቆጥሯል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። «በነፍስ ወከፍ» የሚል ማንኛውም ቁጥር በየትኛው ሕዝብ ቁጥር እንደተካፈለ ተማሪው መጠየቅ ሲጀምር ኮርሱ ሥራውን ሠርቷል።

አምስቱ ምዕራፎች እንዲህ ቢሆኑ ይበቃል፦ መረጃው ከየት መጣ (ቆጠራ፣ ናሙና፣ የአስተዳደር መዝገብ)፤ መቶኛ፣ ምጣኔና ለውጥ፤ አማካይና ስርጭት፤ ግራፍ ማንበብና የግራፍ ማታለያዎች፤ ዝምድናና ምክንያት። ለሁለተኛው ብዙ ሰዓት ስጡት፤ ከ32 ሰዓት 9 ቢወስድም አይበዛም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። የዕድል ስሌትን አውጡት። ኮሚቴያችሁ ይከፋዋል፣ ግን በ2 ክሬዲት ውስጥ ከገባ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ነባር_መምህር

እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሌላ ክፍል አንድ መምህር፣ ለምሳሌ ከሕግ ወይም ከጋዜጠኝነት፣ የአርቃቂው ኮሚቴ አባል ይሁን። በኋላ ካውንስላቸው ላይ የሚከራከርላችሁ እሱ ነው።

ስታት_ቤት (ጠያቂ)

ተቀብያለሁ። ለሁለት ኮሌጅ ብቻ በሙከራ ጀምረን ከዚያ ብናሰፋው፣ ሴኔት ሁለት ጊዜ መሄድ ይጠይቃል?

የሬጅስትራር_ሰው

ኮርሱ አንዴ ከጸደቀና ኮድ ካገኘ አዲስ ኮርስ ሆኖ ድጋሚ አይሄድም። የሚሄደው በኋላ የሚቀበሉት ፕሮግራሞች የካሪኩለም ማሻሻያ ነው፤ እሱ ደግሞ የእነሱ አጀንዳ እንጂ የእናንተ አይደለም። በመጀመሪያው ውሳኔ ላይ «ሌሎች ፕሮግራሞች በየአካዳሚክ ኮሚሽናቸው ወስነው ሊያካትቱት ይችላሉ» የሚል ሐረግ ካስገባችሁና ሴኔቱ ከተቀበለው ግን ኮሌጅ ላይ ያልቃል። ሐረጉ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ራሱ ይጻፍ፤ አባሪው ላይ ብቻ ካለ አንቀበለውም።